ቆጣሪ አንባቢ ሞተር ሲገዛ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከአላሙራ ግርጌ እስከ ሐይቁ ዳር፣
ሥራዬ ማንበብ ነው፣ የውሃ ቆጣሪ ከየሰዉ አጥር።
ክዳኑን ገልጬ፣ ሸረሪቱን ጠርጌ፣
ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ።
ማግኔት የሚያስሩ አሉ፣ እንዳይዞር ሊያቆሙት፣
ገልብጠው የሚገጥሙ፣ ወደ ኋላ ሊነዱት።
እኔን ግን አያታልሉም። የተነካ ቆጣሪ ፊቱ ያስታውቃል፣
ከመጠን በላይ ይጸዳል፣
መስታወቱ ከቤቱ በር ይልቅ ያብረቀርቃል።

ጉልበቴ ካስገባ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣
ሁለት ወር ሲሞላው፣ ወጣልኝ እቁቤ።
አዲሱማ ዋጋው ሰማይ ነው፣ አይነካም፣
ያገለገለ ሰው ያገለገለ ሞተር ቢገዛ አያሳፍርም።

መናኸሪያው ጀርባ፣ ይልቃል ሱቅ በር ላይ፣
አሥራ አራት ሞተር ቆሟል፣ እንደ ሚዜ ተሰልፎ፣ ጎማው ቅባት ተቀብቶ።
«ይቺን እያት» አለኝ፣ የቀይዋን ቦክሰር መቀመጫ በመዳፉ መትቶ።
«አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ! አንድ አስተማሪ ነው፣ እሁድ እሁድ የሄደባት፣
የሦስት ወር ዋስትና፣ ማኅተም ያለበት።
ሊብሬው በእጄ ነው፣ ስሙ ዛሬውኑ ይዞራል፣
ብትሰበር አምጣት፣ ልጆቹ ይሠሩልሃል።»
ማኅተም ደግ ነገር ነው። የኔ ቢጤ ማኅተም ሲያይ ልቡ ይረጋል።

እንደ ልማዴ ጎንበስ አልኩ።
ቁጥሩ አሥራ አንድ ሺህ ይላል፣
የእግር ማሳረፊያዋ ላስቲክ ግን አልቆ፣ ብረቱ ይታያል።
አስተማሪው ቆሞባት ቢሄድም፣
እሁድ ያን ያህል አይረዝምም።
መስታወቱን አየሁት።
ከመጠን በላይ ጸድቷል።

በማግስቱ አመሻሽ፣ ዳቶ፣ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር፣
ሲስተር ዳሪሜ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ ሸራ ገልጠው አሳዩኝ ያንን ሞተር።
ቀለም የላት። ነዳጅ ቋቷ ላይ ጭረት፣
መስታወቷ አንድ ብቻ፣ መቀመጫዋ በጫማ ክር ስፌት፣
ቁጥሯ ስድሳ አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት።
«ጠዋት ጠዋት ብርድ ትፈራለች፣ ታግሠህ አስነሳት፣
ሁለተኛው ማርሽ ይዘልላል፣ ቶሎ ሦስተኛ አግባት።
ዝናብ ላይ ፍሬኗን አትመን። ዘይት ግን አስጠምቻት አላውቅም፣
በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ምጥ ላይ ዘግይታብኝ አታውቅም።»
ዋጋው ከይልቃል በሦስት ሺህ ብቻ ያንሳል። ቀንሱልኝ ብላቸው፣ ቆጣ አሉ፦
«ጉድለቷን በነፃ ነገርኩህ፣ ደግሞ ልክፈልበት?»
ሊብሬውስ?
ሸራውን ማጠፍ ጀመሩ። ሊብሬው በወንድማቸው ስም ነው፣
ወንድምየው ሞያሌ፣ ስልኩ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ዝም ነው።

ማታ ደብተሬ ላይ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፍኩ።
የአንዷ ወረቀት እውነት ነው፣ ብረቷ ይዋሻል፣
የአንዷ ብረት እውነት ነው፣ ወረቀቷ ይጎድላል።
«ትራፊክ ሲያስቆምህ» አለች ጸዳለ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣
«የሴትየዋን ሐቅ ልታሳየው ነው?»
መብራቱን አጠፋሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ፣ በእግሬ ቁጥር እየለቀምኩ፣
ሁለቴ ወደ ይልቃል ተነሣሁ፣ አንዴ ከመንገድ ተመለስኩ።
በሁለተኛው ደረስኩ። ቀይዋ ተሸጣለች።
በቦታዋ አረንጓዴ ቆማለች፣
እሷም አሥራ አንድ ሺህ።

ውክልናው በሞያሌ አውቶብስ መጣ፣ በሹፌሩ ኪስ ታጥፎ፣ ላብ ነክቶት።
ወደ ውልና ማስረጃ ሄድን፣ እኔ ፊት፣ ሲስተር ኋላ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው።
ታቦር ሥር፣ ዳገቱ ላይ፣ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ፦
«አሁን! ዝለላት!»
ዘለልኳት። ሞተሯ ሳለች፣ አመነታች፣ ወጣች።
ደህና ገዝቼ እንደሆነ ገና አላወቅሁም፣
ክረምቱ ይመጣል፣ ፍሬኗም እንደተባለው ነው።
ቁጥሩን ብቻ አየሁት፣ ከአቧራማው መስታወት ሥር፣
ስምንቱ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ዘጠኙ ሲመጣ፣
ማንም ሳይነካው።