እርማት

ፖላንድ፣ ማዙሪ። ሰኔ ነው፤ ጭጋግ አልተነሣም ከሐይቁ፤
የዶልኔ ሰዎች ተኝተዋል፤ ውሾቻቸው ግን ነቁ።
ዜኖን ቀድሞኝ ቆሟል፣ ቦቲው እስከ ጭኑ ደርሶ፣
እርጥብ ገመድ እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ለብሶ።
እኔ ከእንጨት ፋብሪካው፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ፣
የመጋዝ ብናኝ በጸጉሬ፣ የእሱን ትርፍ ቦቲ ተውሼ።

መሣሪያው ሌላ አይደለም፤ ሁለት መንሾች ናቸው፣
የብረት፣ የዛጉ፣ እጀታ የሌላቸው፣
በሽቦ ተጠፍረው፣ ጀርባ ለጀርባ ዞረው፣
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ባንድ አልጋ አድረው።

ያወዛውዝና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ይወረውራል።
ጧ! ይላል ውሃው። ከዚያ ዝም። ገመዱ ይቆጠራል፦
አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ሦስት… ነካ ጭቃውን።
«ሳብ» ይለኛል፣ «ግን ቀስ፤ አታስደንግጥ ውሃውን።»
ስስበው የሚመጣው መሬቱ ራሱ ይመስላል፤
የማላየው ከብት ከታች እግሩን ተክሎ ይታገላል፤
ሲበጠስ፣ ወደ ኋላ እወድቃለሁ ጭቃው ላይ፤
ዜኖን አይስቅም፤ ዞር ይላል፣ ሳቁን እንዳላይ።

አረሙ ወጣ፤ አረንጓዴ ጸጉር፣ ረጅም፣ ቀዝቃዛ፣
ሽታው የዱባ ቅጠል፣ ዝገት የገባበት ለዛ።
በውስጡ ቀንድ አውጣዎች፣ የጣት ጥፍር የምታህል ዓሣ፣
አምና የጠፋ ቀይ ቡሽ፣ መንጠቆው ያልተነሣ።
«ክምሩን ከውሃው አታርቅ» አለኝ፤ «ይሰንብት እዚሁ ዳር፤
እግር ያለው በእግሩ፣ የሌለው በሆዱ፣ ይግባ ወደ አገር።»

ሸምበቆውን በማጭድ አጨደ፣ ዘንግ ማሳለፊያ ያህል፤
ነጯን የውሃ አበባ ግን ዞራት፣ እንግዳ እንደሚያሳልፍ ሰው፣ ቀስ ሲል።

አርባ ዓመት ሙሉ የልጆች ደብተር ሲያርም ኖሯል፤
ዛሬ ጡረታ ወጥቶ፣ ይኸው፣ ሐይቅ ያርማል።
በእኔ ቋንቋ፣ አልኩት፣ ሁለቱም አንድ ቃል ነው፤
ስህተትን ማረም፣ አዝመራን ማረም… «እስኪ ልድገመው፤
ማ-ረም» አለ፣ «ረ»ውን እንደ ጠጠር አንከባልሎ፤
ደግሞ ዝም አለ፣ ገመዱን በክንዱ ጠቅልሎ።

ስለ እምቦጭ ነገርኩት፤ በጣና ላይ ስለሚንሳፈፈው፣
ወይን ጠጅ አበባ ለብሶ፣ በጠራራ ፀሐይ ስለሚዘርፈው፤
መንደሩ ተሰልፎ፣ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ፣
በእጅ ሲነቅለው አይቻለሁ፣ ሌባውን ፊት ለፊት አግኝቶ።
የዜኖን አረም ግን ከሥር ነው፤ ላዩን ብታይ መስተዋት፤
መንጠቆህን ሲውጠው ነው መኖሩን የምታውቅበት።

ሁለት ሰዓት ላይ ከሥር አንዲት ጠባብ መንገድ ወጣች፣
የጋሪ ወርድ ያላት፤ ውሃዋ ግን ደፈረሰች።
ልቀጥል ስል ክንዴን ያዘኝ፦ «ተው፤ ግድግዳውን ተውለት፤
ዓሣም እንደ ሰው ነው፤ ጥግ የሌለው አይሆነውም ቤት።»

«አበላሸነው» አልኩ፤ ውሃው ድፍርስ ጠላ መስሏል።
ዜኖን ጣቱን አነሣ፤ «እይ!» ከሥር አረፋ ይፈላል፤
የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል፣ አንድ፣ ሦስት፣ ከዚያ እፍኝ ሙሉ፤
ሊኖች ናቸው፤ ጭቃ ሲታመስ ድግስ አለ የሚሉ።

እሑድ የመንደሩ ውድድር ነው፤ ቦታ በዕጣ ይደርሳል፤
ዜኖን ከቆርቆሮ ባልዲ ብጣሽ ወረቀት ያነሣል፦
አሥራ አንድ። ማንም ያልነካው፣ ጫካ የበላው።
የጠረግነው ሰባት ቁጥር ለካዬታን፤ ዜኖን በሂሳብ ሁለቴ የጣለው።
ልጁ እስኪመሽ አራት ሊን አወጣ፤ ማን ጠረገው አላለም።
ዜኖን ከማዶ ሲጮህ ሰማሁት፦ «ቀስ! ገመድ አይደለም!»

ማታ መዳፌን ገለጥኩ፤ ገመዱ ያሰመረው መስመር፣
ቀይ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ መምህር ብዕር።
ምን እንዳረመኝ አላውቅም። ክምሩ ከዳር ደርቋል።
ሰኞ፣ ውሾቹ ሳይነቁ፣ በሬን አንድ ሰው ያንኳኳል፤
«አሥራ አንድ» ይላል ድምፁ።