ሰባት ደቂቃ

ታይዋን ገበያ፣ ከሰልባጁ ተራ ኋላ፣
ቀትሩ በቆርቆሮው አናት ላይ ሲያፈላ፣
ከምድር ባቡር መጋዘን በኪሎ የተሸጠ
አሮጌ ኮምፒውተር ፊቴ ተቀመጠ።
ብሎኑን ፈትተን እፍ ብንል ወደ ውስጡ፣
የደቻቱ አሸዋ ቦነነ ከአንጀቱ።

ካርዱን ነቀልኩና ጥርሱን በላጲስ አሸሁት፣
ወርቁ ብልጭ እስኪል፤ መልሼ ሰካሁት።
ጠፍጣፋው ገመድ፣ ቀይ ጠርዙ ወደ አንድ ቁጥር፤
ያን የሳተ ያድራል ኮከብ ሲቆጥር።

ዲስኮቹ ሁለት ናቸው፦ አንዱ ጌታ፣ አንዱ ባሪያ፤
ፋብሪካው ነው ያወጣው ይህን መጠሪያ።
«ማን ማንን ሊያዝ ነው?» ሳቀ ነስረዲን፣ «ዛሬ?
ሁለቱንም በኪሎ ገዛኋቸው በብሬ!»

ማብሪያውን ተጫንኩ።
ጌታው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ቀረ።
ባሪያው ግን
እያቃሰተም ቢሆን ዞረ።

ሰማያዊ መስኮት፣ ነጭ ፊደል፣ የሰዓት መዝገብ፤
ባቡሩ የቀረበት፣ ስሙ የቀረ ሕዝብ።
ወርጄ፣ ወርጄ፣ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ፦
ሽብሩ አበጋዝ፣ ፍሬን ሠራተኛ።
ሰባት ደቂቃ አርፍዷል።

አባቴ።
ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አላረፈደም፤
እንዲህ ነበር የሚለን። በሕይወት ታሪኩም
ቀብሩ ላይ ይኸው ተነበበ።

ሰባት ደቂቃ። ማክሰኞ። ሰኔ።
የት ነበርክ?
«ምክንያት» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው።

«ይደምሰስ?» አለ ነስረዲን፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ፤
«ደንበኛው ባዶውን ነው የሚፈልገው።»
«ቆይ» አልኩት፤
«ፀሐይ ትብረድ።»