ከያፌት የቀማሁት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣
የአዳራሹ ማራገቢያ ሲሽከረከር በዝግታ፣
ከኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ
ያፌት ተሸሽጓል፣ ከመጽሐፍ ላይ ተለጥፎ።
መዝሙር አጥኑ ብያቸው ሌሎቹ ሲያዜሙ
የእሱ ዓይኖች ብቻ ፊደል ሲለቅሙ
ቀረብ ብዬ ነጠቅኩት። ሽፋኑ ቀይ፣ የነተበ፤
ሥዕሉ አንድ አስማተኛ፣ ጨረቃ ራሱን የከበበ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።
«ከታይዋን ነው የገዛሁት፤ ተረት ነው ጋሼ» አለኝ።
«ጥንቆላ ነው» አልኩት፤ ቁጣዬ ቀደመኝ።
የፈርዖንን ጠንቋዮች አነሳሁ፣ እባባቸውን፣
ሲሞን መሠሪውን፣ ጸጋ ሊገዛ ያማረውን፤
ልጆቹ ጸጥ አሉ። ውጭ ባጃጅ አለፈ።
የኔ ድምፅ ብቻ ነበር ቆርቆሮው ላይ ያረፈ።

ያን ጊዜ ነው ያፌት፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣
ዓይኑን አንገቴ ላይ ጥሎ፣ ተረጋግቶ አንደበቱ፣
«ጋሼ፣ ያ ቆዳስ?» አለኝ። «እሱስ ምንድን ነው?»

ላብ ሸሚዜን አስከፍቶኝ፣ ከማተቤ ተጠግቶ
ለካ ያ ትንሽ ቆዳ ይታያል አፍ አውጥቶ!
እናቴ ናት ያሰረችው፣ ወባ የጣለኝ ጊዜ፣
ሐረር ወጥታ ከአንድ ደብተራ፣ በልመና፣ በትካዜ፤
ውስጡ የማላውቀው ስም፣ ዓይን አለ፣ አራት ማዕዘን፣
አርባ ዓመት ተሸክሜው አንድ ቀን እንኳ ሳልመዝን።
ለቡዳ ነው ይባላል፤ አስማት ብዬው አላውቅም፤
በእናት እጅ የታሰረ ስሙ ማን ነው አይጠየቅም።

ልጁን መልስ ነፈግኩት። መጽሐፉን በብብቴ ይዤ
ከአዳራሹ ወጣሁ፣ እንደ ሌባ ፈዝዤ።
ከዚራን ሳቋርጥ፣ ዛፎቹ በሚጋጠሙበት መንገድ፣
ወስኛለሁ፦ ዛሬ ማታ፣ ራት ሳልበላ ይንደድ።

ግን ክሱን ሳላውቅማ እንዴት ልፍረድ ብዬ
ገለጥኩት ከአልጋዬ ጫፍ፣ መስቀሌን ከራስጌ ሰቅዬ።

የደረቀ ወንዝ አለ፣ እንደኛው ደቻቱ፤
ዳር የሚኖር ሽማግሌ፣ ውኃ መጥራት ነው ሀብቱ።
ግን ወንዙን በጠራ ቁጥር አንድ ቃል ይከፍላል፤
«ዳቦ» ይላል፤ ውኃው ሲመጣ «ዳቦ» ከአፉ ይጠፋል።
«ጥላ»ን ከፈለ፣ «እሑድ»ን፣ የጎረቤቱን ስም፤
ሕፃናቱ ይጠጣሉ፤ እሱ ግን ማውራት አይችልም።
በቀረችው አንዲት ቃል ላይ ከራሱ ሲከራከር
ዶሮ ጮኸ ሳቢያን ላይ፤ እኔ ክሴን ረስቼ ነበር።
የመጨረሻው ገጽ የለም። ተቀድዷል። ባዶ ክር።

አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄድኩ።
«አባ፣ አስማት አነበብኩ፤ ደግሞም ጣመኝ» አልኳቸው።
ዝም አሉ። በጭራቸው ዝንብ አባረሩ ከፊታቸው።
«ስታነብ አመንከው?» «አዎ፣ ገጹን ስገልጥ።»
«ስትዘጋውስ?» «ደቻቱ ነው፣ አሸዋ፣ ፍየል ሲሮጥ።»
«ያንገትህንስ?» አሉኝ። እጄ ሄዶ ያዘው።
«እሱን ግን ልጄ፣ መቼ ነው የዘጋኸው?»

ስለ ቀዩ መጽሐፍ ስጠይቅ ራሳቸውን ነቀነቁ፦
«ላንዱ ልጅ መስኮት ነው፣ ለሌላው ግን ጉድጓድ፤
እኔ አላውቅም ለያፌት፤ አንተ ጠይቀው፣ ሂድ።»

ያፌት ሳምንት ቀረ። ሁለተኛም ሳምንት።
አባቱን ሥራ ቀይረውት ሄደዋል አሉኝ ደወሌ፤
መጽሐፉ ከኔ ዘንድ ነው፤ ከኔ ጋር ነው በደሌ።

ክታቡን? አልፈታሁትም ገና። ጣቴ ይነካውና
የእናቴን ቋጠሮ ሲያገኝ ይመለሳል እንደገና።

ማታ ማታ ድልድዩ ላይ፣ ከደረቁ ወንዝ ፊት ቆሜ
አባታችን ሆይ እላለሁ፣ በሹክሹክታ፣ ደግሜ፤
መሀል ላይ እጠፋለሁ፣ ያቺን ቃል እያሰብኩ።
ሰጣት ይሆን ወንዙ እንዲመጣ? ወይስ አቀፋት? አላነበብኩ።

ያፌት ያውቃል።
ለደወሌ ባቡሩ ስንት ሰዓት ይነሳል?