አራተኛዋ ቀዳዳ

ማታ ከኪዊ ማሸጊያው ስለቀቅ፣
የፍሬው ጠጉር አንገቴን ሲፍቅ፣
ቀጥ ብዬ ወደ ሆሃያ ጋራዥ፦
ግማሽ ጀልባ፣ የሞተ ፍሪጅ፣ አንድ ድራም፣
ግድግዳው ላይ የአምናው የራግቢ ቡድን፤
ሽታው ናፍጣ፣ ድምፁ ሬጌ።
ኦፖቲኪ ጠባብ ናት፤ ማታ ማን ምን እንደነፋ
ጠዋት ዳቦ ቤት ደጃፍ ይወራል በይፋ።

ሃርሞኒካ ነፊ ነኝ፤ ያኔ ደግሞ የተነፋሁ፤
ክፍተት ባየሁ ቁጥር በትከሻዬ እየገፋሁ፣
ጊታሩ ቸክ ሲል ከኋላው፣
ቤዙ ሲያርፍ ከላዩ፣
ልቅሶ ቤት ገብቶ ወሬ እንደሚያበዛ ሰው
ያገኘሁትን ዝምታ ጠራርጌ የምጨርሰው።

ሆሃያ አይቆጣም። የቤዙን ክሮች
በመዳፉ አፈናቸውና፦
«ውሻህ እንኳ» አለኝ፣ «ሲጮኽ
መሃል ላይ ቆም ብሎ ያዳምጣል።»

ንጋሁያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፤
ከድራሙ ኋላ ሆና እንዲህ አለች፦
«አንድ ላይ እኔ የለሁም።
አንደኛው ቤት ባዶ ነው፤ ኪራይ የለው፣ ሰው የለው።
ሁለት ላይ ጊታሩ ይከትፋል፤
ሦስት ላይ በእግሬም በእጄም እወድቃለሁ፤
አራትን ጊታሩ መልሶ ይወስዳል።
አንተ ስትመጣ በር አንኳኳ።
ማነው የሚልህ ከሌለ፣ ተመለስ።»

ሦስት ሳምንት ብረቷን ከኪሴ አላወጣሁም።
ፍሬው ከሚፈስበት ቀበቶ ፊት ቆሜ
ትንፋሼን ብቻ፦
አንድ፣ ምንም። ሁለት፣ ሳብ። ሦስት፣ ያዝ።
አራት፣ ልቀቅ፤ ሻማ እንዳታጠፋ ቀስ።
እጄ የበሰበሰውን ሲለቅም፣ ደህናውን ሲያሳልፍ
ለካስ ሥራዬም ሲያስተምረኝ ኖሯል፦
ከመቶው ዘጠና አምስቱን ዝም ብሎ ማሳለፍ።
አለቃችን ሂኔዋይ ጠጋ ብላ
«አስም ይዞሃል እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ የአክስት ፓኒያ ሰባኛ ልደት ደረሰ፤
በማራኤው፣ በቤተ ዘመዱ አዳራሽ፣
አያት ከልጅ ልጅ፣ ወንበር ከወንበር ተጋፍቶ።
ዜማው ሬ ሚነር፣ ዝግታው እንደ ባሕር ሙላት።
በኔዋ ሃርሞኒካ ሬ ማለት ቤት ነው፤
አራተኛዋን ቀዳዳ ትስባለህ፣ ገባህ፣ ጫማህን አወለቅህ።

ጎንበስ ብዬ ሳብኩ።
ጠብ አላለልኝም።
ያቺ ቀጭን የናስ ምላስ
ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት ያስለፈለፍኳት፣
እኔ ዝምታን ስማር፣ እሷም ተምራ ጠበቀችኝ።
ደግሜ ሳብኩ፤ ሲጥ።
አንደኛዋም ሬ ናት፣ ስምንተኛዋም፣
ግን ያቺ ምድር ቤት፣ ያቺ ጣራ፤
በበሩ የለመደ እግር በጣራ አይገባም።
ሰው ሁሉ ፊት ቤቴ ተቆለፈብኝ።
ነፍስና ትንፋሽ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤
ሁለቱም ጉሮሮዬ ላይ ቆመው ተያዩ።

ምን ላድርግ? በጎረቤት ዞርኩ።
አራትን ነፋሁ፣ ዶ። አምስትን ሳብኩ፣ ፋ።
ፋን ትንሽ አቆየኋት፣ እስክትላላ።
ወደ ዶ ወረድኩ፣ እስከ ደጃፉ፤
እጄን አነሣሁ፣
አላንኳኳሁም።

አንድ፣ ባዶ፣ አለፈ።
ሁለት ጊታሩ ከተፈ።
ሦስት ላይ ንጋሁያ ስትወድቅ፣ አብሯት ሆሃያ
ያቺኑ ሬ፣ የኔን ሬ፣
ከቤዙ ሆድ አወጣት፤
ከወለሉ ሥር፣ በጫማዬ በኩል ገባች።

ማንም አላጨበጨበም።
አክስት ፓኒያ ኬክ በእጇ እንደያዘች
ከአንድ ረጅም ልጅ ጋር ትወዛወዝ ነበር።
ንጋሁያ ብቻ አገጯን ዝቅ አደረገች፣
ተሳፋሪ ሲሳፈር እንደምታደርገው።

አዲሷ ሃርሞኒካ በፖስታ መጣች፤
አራተኛዋ ትከፈታለች።
ደጇ ስደርስ አሁንም ቆም እላለሁ፤
አንዳንዴ እገባለሁ፣ አንዳንዴ ለሆሃያ እተዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ግን ደስ ብሎኝ አበዛሁት።
ሆሃያ መዳፉን ክሩ ላይ አሳረፈ፤
«ውሻህ እንኳ...» ብሎ ሳይጨርስ
ከንፈሬን አነሣሁ።
ከውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣
እውነትም አንድ ውሻ ጮኸና
ቆም አለ።