የበሩ ጥፍር

የሆጤ ዝናብ መች ላይ ላዩን ይበላ?
ታች ተኝቶ ነው ብረት የሚያላላ።
በያጁ ሙህዬ «ይቀየር በሩ» አለ፤
ሰዓዳ ቀበል አርጋ፣ «በሩ ምን በደለ?
የታመመው ጥፍሩ፣ ጣቱ መች ቆሰለ!»

ካቻቢቴው ሲገባ ፌርማቬትሮው ፈረሰ፣
ቀይ ዱቄት ሆነና እደጁ ፈሰሰ።
መስታወቱ ግን ቆመ ደጋፊ ሳይኖረው፤
ልማድ ይሁን ስቱኮ፣ እንጃ ምን እንዳኖረው።
አዲሱን ለክቶ ቆርጦ ብሎን አጠበቀ፤
አንቲረስት ተቀብቶ ሊመሽ ሲል አለቀ።

ሌት ሌት የጦሳ ንፋስ ሲወርድ
መስታወቱ ይንቀጫቀጭ ነበር።
«ማነው?» ትል ነበር፣
ማንም እንዳልሆነ እያወቀች።

ዛሬም ንፋሱ መጣ።
በሩ ዝም።
ሰዓዳ ከአልጋዋ ቀና ብላ
«ማነው?» አለች።