ይህ ወፍ ሰው ነው

ሌሊቱን በሙሉ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣
የባዬን ካርቶን ከፍቼ ካሴት ሳነሣ ሳወድቅ፣
አንዱን ጎን አዳምጬ ሌላውን ገልብጬ፣
ከሠላሳው ዘፈን ዐሥራ አንዱን መርጬ፣
ጥፍር የምታክል ፍላሽ ሁሉንም አጎረስኳት፤
ሽፋኗ ላይ በእስክሪብቶ «የበጋ መንገድ» አልኳት።

ሐምሌ ነው፤ ዐውቃለሁ። ጎንደር አሁን በጋ የላት።
ጉሙ ከግንቡ ወርዶ ፒያሳ መሐል ተኝቶባት፣
ባጃጁ በእኩለ ቀን መብራት አብርቶ ሲድህ፣
«ለየልህ» አለኝ ባዬ፣
«በዚህ ጭቃ የሃዋይ ጊታር ምን ሊያደርግልህ?»
ባዬ ዛሬ የስልክ ሽፋን ነው የሚሸጠው።
የአባቱ ካሴት ከመደርደሪያው ሥር ነው፣ ማንም ያልጠየቀው።

ምክንያቴ አባቴ ነው።
ሹፌር አጣናው፤ ሠላሳ ዓመት በፊያት ጋቢና የኖረ፣
ከመተማ ሰሊጥ፣ ከአሰብ ጨው ሲያመላልስ የነበረ፣
አሁን አንድ ዐይኑ የጠፋ፣
መንጃ ፈቃዱ ሳጥን ውስጥ የታሰረ።

አንዲት ካሴት ነበረችው በልጅነቴ፣
«አሰብ ላይ ከመርከበኛ በጠርሙስ ማር ለወጥኳት» የሚላት አባቴ።
ብረት በጅማት ላይ እየተንሸራተተ የሚያለቅስባት፣
እሱ ግን «የሚያዛጋው ጊታር» ብሎ የሰየማት።
እውነትም ያዛጋል። አንዱን ድምፅ ይዞ ወደ ሌላው እየተጎተተ፣
ከምሳ በኋላ ጥላ ፍለጋ እንደሚዛወር ሰው፣ እየታከተ።
ቀለጠች አንድ ግንቦት፣ ዳሽቦርድ ላይ ተረስታ።
ዘመዶቿን ስለቅም ይኸው ሦስት ማታ።

መምረጥ ከባድ ነው።
ከበሮው የበዛውን ጣልኩት፤ እግር ያከብዳል ነዳጅ ላይ።
ሴትየዋ የምትስቅበትን ጣልኩት፣ ምን እንዳሳቃት ሳላይ።
ለአዘዞ ዝግ ያለውን፣ መንገዱ በባጃጅና በበግ ስለሚሞላ፤
ማዕበል የሚሰማበትን ደግሞ ከቆላ ድባ በኋላ።
አንዱ ዘፈን ውስጥ ወፎች አሉ፣ ቀርከሃ ጫካ ውስጥ የሚንጫጩ።
እሱን ሁለቴ አወጣሁት፣ ሁለቴ መለስኩት፤
ለጯሂት ይሁን ብዬ፣ በስሟ አመካኝቼ፣ ሰባተኛ አደረግኩት።

ጠዋት በተዋስኳት ቪትዝ ወጣን። መጥረጊያው ግራ ቀኝ ሲል
ከጊታሩ ጋር አንዳንዴ ይገጥማል፣ እንደ ተሳሳተ ያህል።
አባቴ ዝም። አዘዞን ዝም። ቆላ ድባን ዝም ብሎ አለፈ።
የደምቢያ ጥቁር ጭቃ ከጎማችን ጋር ተቃቀፈ።

ጯሂት መግቢያ ላይ ወፎቹ ጀመሩ።
«አቁም!» አለ።
ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ዳር ያዝኩ።
መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ ዝናቡ ክርኑን አራሰው።
ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግቶ፣
«ይህ ወፍ» አለ፣ «ሰው ነው።»

«ማለት?»
«ማለትማ፣ ከንፈሩን አሹሎ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።
ወፍ እንዲህ ደስ አይለውም። ወፍ ሥራ ይበዛበታል።
ደሴቷንም አላያት፤ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣
ካፖርቱን ወንበር ላይ ጥሎ፣ ይጮኻል ደሞዙን አስልቶ።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። መንገዱን እያየ፣
«መርከበኛም የለም» አለ፣ «ማርም አልሰጠሁ፤
አሰብን በሌሊት ገብቼ በሌሊት ነው የወጣሁ፤
ካሴቷን ከባዬ አባት ሱቅ በሦስት ብር ነው የገዛሁ።
ለእናንተ መንገር ስጀምር ግን፣ ቀስ እያለ ባሕሩ መጣ፤
መርከቡም፣ ነጭ ኮፍያውም… አንድ ጊዜ ከአፌ ከወጣ…»

ዘፈኑን ላልፈው እጄን ዘረጋሁ። ያዘኝ።
«ተወው፣ ይጩህ። ማንን ጎዳ? እንጀራው ነው።»

ጎርጎራ ስንደርስ ጣና የለም።
ጉም ብቻ፤ የቱ ውሃ፣ የቱ ሰማይ እንደሆነ አይለይም።
የአንዲት ታንኳ ግማሿ ታየ፤ ግማሿ አልታየም።
አባቴ በደህናው ዐይኑ ብዙ አየ።
«ይኸውልህ» አለ፣ «አሰብ።»

ሞተሩን አላጠፋሁም።
ወፉን ለሦስተኛ ጊዜ መልሶት ነበር፤
ገና አልጨረሰም።