አራት ዙር

ከኤልጊን ገዛኋቸው፣ ከዳቦ ጋጋሪው፣
ወገቡ ቢከዳው መንገድ ከሰለቸው፤
አራት አሞርዛተር፣ አራት ሞላ ለብሰው፣
በሙዝ ካርቶን ውስጥ በጋዜጣ ታቅፈው።
«ግራ ፊት»፣ «ቀኝ ኋላ» ብሎ ጽፎባቸው
በወፍራም እስክሪብቶ፣
ልጁን ሩቅ አገር እንደሚሸኝ ሰው።
«ስንት ኪሎ ሜትር ሄደዋል?» ብለው
«እኔ የምቆጥረው ዳቦ ነው» አለና ሳቀ፤
እኔም ሳልከራከር እጄ ኪሴን አወቀ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል፤ ይባል።
የኔ ደመወዝ ግን ለአዲስ መች ይበቃል?
ከዓሣ ፋብሪካው ማታ ማታ ወጥቼ
የላስቲክ ጫማዬን በር ላይ ትቼ
ክሪክ አነሳሁ።

መኪናዬ ትንሽ ናት፣ ሁለት ሰው ትይዛለች፤
በሠላሳ ዓመቷ ቀይ መሆን ሰልችቷት ሮዝ ሆናለች፤
መብራት ሳበራላት
እንደ ነቃች እንቁራሪት ዓይኗን ታወጣለች።
ሆዷን ግን አትዩባት። እዚህ ፍሬዘርበርግ
ባሕሩ ክረምቱን ሙሉ አስፋልት ላይ ያድራል፤
በበረዶ ቀን ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ጨው ይበትናል፤
ብረት ከሁለት ወገን ይላሳል።

የመጀመሪያው ቡሎን ሦስት ሌሊት ፈጀ።
ዘይት አጠጣሁት፣ እሳት አሳየሁት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት፤
የቁልፉን እጀታ በቧንቧ አስረዝሜ
ጥርሴን ነክሼ በእግሬ ላዩ ላይ ቆሜ
ቀጭ! አለ።
ዳዶው ይሁን ጉልበቴ
እስኪነጋ አላወቅሁም።

በአምስተኛው ቀን ማታ አራቱም ገቡ።
ክሪኩን አውርጄ ወደ ኋላ ሄድኩና አየኋት፤
አንድ ትከሻዋን ሰብቃ ቆማለች፣
«እኔ ምን ቸገረኝ» ያለች ትመስላለች።
ሜትር ዘረጋሁ፣ ከቸርኬው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ፤
ግራው ልክ ነው። ቀኙ፣ የሾፌሩ ወገን፣ ሁለት ጣት ሽቅብ።

ጎረቤቴ ጊልክሪስት፣ አርባ ዓመት በጀልባ ሞተር ጆሮውን የገበረ፣
በሩ ላይ ቆመና ጎንበስ ብሎ መረመረ።
«ሻጩ ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ እየጮኸ።
«ደውዬ ልጠይቀው?»
«ምን ያደርጋል መጠየቅ? ተጽፎልሽ የለም!
ቀለበቱን እዪው፣ በቀኝ ወደ ላይ ወጥቷል፤
ሰውዬው ሲቀመጥባት ያን ጊዜ ትስተካከላለች።
ባዶ ጀልባ አይለካም፤ ኢሽቤል፣ ግቢ።»

ገባሁ። መሪ ያዝኩ፣ የትም እንደማይሄድ ሰው፤
እሱ ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ ሜትሩን አነበበው።
«ገና ነሽ» አለኝ ከታች። «ዳቦ ጋጋሪው ይበልጥሻል።»

ከዚያ ወዲያ ትግሌ ከብረት አልነበረም።
ከቀለበቱ ጥርስ ነጭ ብናኝ አየሁ፣
ዱቄት መስሎኝ ሳቅሁ፣ በጥፍሬ ፋቅሁት፣ ቀመስኩት፤
ጨው።
ለካ እሱም ባሕር አለው።

ብሩሽ። ዘይት። አንድ ሌሊት መታገሥ።
ጊልክሪስት መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ
ኳ፣ ኳ፣ እንደ እንግዳ፤
ቀለበቱም እያንቃጨለ ዞረ።
አንድ ዙር፤ የሰውዬው ካፖርት ወረደ።
ሁለት፤ የገና ኬኮቹ።
ሦስት ላይ አፈርኩ፤ የሰው ገላ የነካሁ ያህል፣
በሌሊት ብቻውን የነዳበትን ዘመን
ዙር በዙር የምፈታ ያህል።
አራት።
ከሱ እስከ እኔ ያለው ይኸው ነው።

እሑድ ጠዋት ወደ ሮዝሃርቲ ነዳሁ፤ ጊልክሪስት ከጎኔ።
የአስፋልቱን ጥጋጥግ ሁሉ በወንበሩ ቆጠርኩ፤
መታጠፊያው ሲመጣ ሳትደፋ፣ ሳታጎበድድ፣
እንደ ውሃ ልክ አለፈችው።
ዝም አልን። ከዚያ ከግራ ኋላ
«ቋ።»
ትንሽ ቆይቶ፣ «ቋ።»

«ጊልክሪስት፣ ሰማኸው?»
«ምኑን?» አለ፣ ባሕሩን እያየ፤
«እኔ ምንም አልሰማሁ።»